ዓለምን የሚዞረው አውሮፕላንና የደጀኑ ወፍጮ

አባቴ በደጀን ከተማ ሃያ ሦስት ዓመት ወፍጮ ቤት ሠርተዋል። የመስማት አቅማቸው እየደከመ መሄዱን ከቤተሰቡ ማንም በጊዜው አላወቀም፤ እሳቸውም አላወቁም። ጎረቤት «ሰላምታ ነሡን» ብሎ ተቀየመ፤ በዕድር ስብሰባ ተጠይቀው ዝም ሲሉም «ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ» ተባለ። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» የሚለውን ተረት ሰው ሁሉ የሚያነሣው ስለ ሐሜት ነው፤ እኔ ግን በአባቴ ላይ ቃል በቃል ሲፈጸም አይቼዋለሁ።

ስለ መስማት ችግር ግንዛቤ ለመፍጠር ዓለምን በትንሽ አውሮፕላን ስለሚዞር አብራሪ ሳነብ መጀመሪያ ያሰብሁት አውሮፕላኑ የሰው ዓይን ለመሳብ ብቻ እንደ ተመረጠ ነበር። ይህም በቂ ምክንያት ነው፤ የመስማት ችግር አይታይምና፣ አንጋጦ የሚያየው ነገር ያገኘ ሕዝብ ቢያንስ ለምን እንደ መጣ ይጠይቃል። ቆይቼ ግን ሌላ ምክንያት አገኘሁ። ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ራሱ ጆሮ የሚጎዳ መሣሪያ ነው፤ በአብራሪው ክፍል ውስጥ ያለው ድምፅ ብዙ ጊዜ 90 ዴሲቤል (የድምፅ ጥንካሬ መለኪያ ነው) ይደርሳል፣ ያልፋልም። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም ለሠራተኛ የሚመክረው ገደብ 85 ዴሲቤል በቀን ለ8 ሰዓት ሲሆን፣ ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። በ91 ዴሲቤል የሚፈቀደው እንግዲህ 2 ሰዓት ብቻ ነው።

የዓለም አቀፉ የአየር ስፖርት ፌዴሬሽን በፍጥነት ክብረ ወሰን ዓለምን ዞረ ብሎ ለመመዝገብ ቢያንስ 36,787 ኪሎ ሜትር መብረርን ይጠይቃል። በሰዓት 220 ኪሎ ሜትር ለሚጓዝ ትንሽ አውሮፕላን ይህ 167 ሰዓት ያህል ነው። ይህን በቀን ለስምንት የሥራ ሰዓት ሳካፍለው ሃያ አንድ ቀን ሆነና ወረቀቱን ይዤ ዝም አልሁ። መላውን ዓለም የዞረ አብራሪ ከሞተሩ ጋር የሚያሳልፈውን ሰዓት አባቴ ከወፍጮው ጋር የሚያሳልፉት በሃያ አንድ የሥራ ቀን ነበር። አብራሪው ደግሞ ጆሮውን ሸፍኖ ይበርራል፤ አባቴ ለዱቄቱ ብናኝ ራሳቸውን በነጠላ ይጠመጥማሉ እንጂ ለጆሯቸው ያደረጉት ነገር አልነበረም።

በውስጠኛው ጆሮ፣ የቀንድ አውጣ ቅርፊት በሚመስለው ክፍል፣ ወደ 15,000 የሚሆኑ ጥቃቅን ፀጉር አከል ሕዋሳት አሉ፤ ድምፅን ለነርቭ የሚያቀብሉት እነርሱ ናቸው፤ አንዴ ከሞቱ ተመልሰው አይበቅሉም። ጩኸት አስቀድሞ የሚገድለው ቀጭን ድምፅ የሚቀበሉትን ነው። በእኛ ቋንቋ ይህ ማለት «ሰ»፣ «ሸ» እና «ፈ» ቀድመው ይጠፋሉ ማለት ነው፤ «ሰማ» ከ«ሸማ»፣ «ፈራ» ከ«ሠራ» አይለይም። አባቴ «ትጮኻላችሁ እንጂ አትናገሩም» ይሉን የነበረው ለዚህ ነው። ድምፃችን ይደርሳቸዋል፤ ቃሉ ግን አይደርስም። ብንጮህም የጠፋውን ፊደል አንመልሰውም ነበር፤ ፊት ለፊት ቆሞ ረጋ ብሎ መናገር ይሻል እንደነበር ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ዓለምን የመዞርና ጆሮን የመጠበቅ ታሪክ አስቀድሞም ተገናኝቷል። በ1986 እ.ኤ.አ. ዲክ ሩታንና ጂና ዬገር ቮየጀር በተባለች ቀላል አውሮፕላን ሳያርፉና ነዳጅ ሳይጨምሩ ዓለምን ለመጀመሪያ ጊዜ በዘጠኝ ቀን ሲዞሩ፣ ከሞተሩ ጩኸት ጆሯቸውን ለማዳን ገና ለገበያ ያልቀረበ የቦዝ ኩባንያ ማዳመጫ ተጠቅመዋል። ማዳመጫው ውስጥ ያለች ማይክሮፎን ጩኸቱን ትቀበላለች፤ መሣሪያውም የዚያን ተቃራኒ ሞገድ ይፈጥርና ሁለቱ ይጣፋሉ። ዛሬ ወጣቶቻችን በሚኒባስ ውስጥ የሚያደርጉት ድምፅ አጥፊ ማዳመጫ የዚያው ዘር ነው።

መስማት የማይችል ሰውም ያበርራል። በ1911 እ.ኤ.አ. የአሜሪካን ምድር ከባሕር እስከ ባሕር ለመጀመሪያ ጊዜ በአውሮፕላን ያቋረጠው ካልብሬይዝ ፔሪ ሮጀርስ በልጅነቱ በያዘው በሽታ አንድ ጆሮው ደንቁሮ ሌላውም ደክሞ ነበር። መስከረም 17 ከኒውዮርክ ተነሥቶ፣ ብዙ ጊዜ እየወደቀና አውሮፕላኑን እያስጠገነ፣ በ49ኛው ቀን ካሊፎርኒያ ውስጥ ፓሳዴና ደረሰ። ዛሬም በአሜሪካ መስማት የተሳናቸው አብራሪዎች ሬዲዮ በማያስፈልግበት በረራ ላይ ፈቃድ ያገኛሉ፤ ከመቆጣጠሪያ ማማ በብርሃን ምልክት ማናገርም ይቻላል፤ ለሚበርር አውሮፕላን ያልተቋረጠ አረንጓዴ «እረፍ»፣ ያልተቋረጠ ቀይ «ለሌላው ቅድሚያ ሰጥተህ መዞርህን ቀጥል» ማለት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት 430 ሚሊዮን ሰዎች ሕክምናና ተሐድሶ የሚያስፈልገው የመስማት ችግር እንዳለባቸው፣ በልጆች ላይ ከሚደርሰውም ወደ 60 በመቶ የሚጠጋውን መከላከል እንደሚቻል ገልጿል። ኩፍኝ፣ ማጅራት ገትርና ሳይታከም የቆየ የጆሮ መግል የእኛም አገር በሽታዎች ናቸው። የዓለም የመስማት ቀን መጋቢት 3 እ.ኤ.አ. ይከበራል፤ በእኛ አቆጣጠር የካቲት 24፣ የዓድዋ በዓል ማግስት ነው። እንዲህ ያለ አብራሪ አንድ ቀን በደብረ ማርቆስ ቢያርፍ፣ ከአቀባበሉ በኋላ ወደ ወፍጮ ቤት እንዲወሰድና ማዳመጫውን አውልቆ ለወፍጮ ሠራተኛው እንዲያሳይ እመኛለሁ። የጆሮ መሸፈኛ ውድ ዕቃ አይደለም፤ እኛ ዘንድ የጎደለው እንደሚያስፈልግ ማወቁ ነው። ወፍጮውን አሁን የያዘው ታናሽ ወንድሜ ነው፤ መሸፈኛ ገዝቼለት ማድረግ ጀምሯል፤ ደንበኞቹም ጤፍ ይሁን በቆሎ፣ ይላም አይላም፣ በእጅ ምልክት ይነግሩታል።

የሮጀርስን ታሪክ ለአባቴ ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ ቀስ ብዬ ነገርኋቸው። «ሞተሩ ሲታመም በምን ያውቅ ነበር?» አሉኝ። አላወቅሁም። መዳፋቸውን ጠረጴዛው ላይ ጫን አድርገው ትንሽ ቆዩና፣ «እንዲህ ነው የሚሆን፤ እኔም ቺንጊያው ሲላላ፣ ድንጋዩ መወቀር ሲፈልግ፣ በመጨረሻ በመጨረሻ የማውቀው እንዲህ ነበር» አሉ።