ቡሄ ዕለት የተወለደው ሰውዬና የእኔ ሰብታይትል

ባለፈው ስጽፍላችሁ 6 ክፍል ጨርሻለሁ ብዬ ነበር። አሁን 11 ደርሻለሁ። ከ79። አትሳቁ።

ለአዲሶች ባጭሩ፦ እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ቨርጂኒያ እኔ ጋር ነው የምትኖረው። እንግሊዝኛው ብዙም አይገፋላትም። እኔ ደግሞ የድሮውን ስታር ትሬክ (በሕዋ መንኮራኩር ስለሚጓዙ ሰዎች የሚያወራውን የአሜሪካ የቴሌቪዥን ተከታታይ) ለብቻዬ ማየት አልቻልኩም፤ ቤቱ ውስጥ ያለው ሶፋ አንድ ነው። ስለዚህ የአማርኛ ሰብታይትል መሥራት ጀመርኩ። ለቤት ብቻ ነው፤ ፋይሉን ላክልን እንዳትሉኝ።

የጀመርኩት ነሐሴ 13 ነው። ቀኑን የመረጥኩት የተከታታዩ ፈጣሪ ጂን ሮደንበሪ የተወለደው እ.ኤ.አ. ነሐሴ (ኦገስት) 19 ቀን 1921 ስለሆነ ነው። አድናቂዎቹ በየዓመቱ ያስቡታል። 100ኛ ዓመቱ ላይ ናሳ ራሱ ሰውየው በ1976 የተናገረውን ድምፅ በትልቅ አንቴና ወደ 40 ኤሪዳኒ ልኮለታል። አድናቂዎች የስፖክ (ከሌላ ዓለም የመጣው የመንኮራኩሯ መኮንን) አገር ነው የሚሉት ኮከብ ነው። ድምፁ እስኪደርስ 16 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ይህን ለእናቴ ሳወራላት ኮከቡን ከቁም ነገር አልቆጠረችውም። «ቡሄ ነዋ የተወለደው!» አለች። ቆጠርኩት። እውነቷን ነው። የመጀመሪያው ክፍል የተላለፈበትን ቀንም አስላ አለችኝ። እ.ኤ.አ. መስከረም (ሴፕቴምበር) 8 ቀን 1966፤ በኛ ጳጉሜ 3 ቀን 1958። ሩፋኤል! «በል ይሄ ሰውዬ የኛ ነው» አለች፤ ከዚያ ወዲህ አንድም ክፍል አምልጧት አያውቅም።

አሁን ወደ ሥራው። ቃላቱ ይከብዱኛል ብዬ ነበር የፈራሁት። ያስቸገረኝ ግን «አንተ»ና «እርስዎ» ነው። እንግሊዝኛው በአንድ ቃል ያልፈዋል፤ አማርኛ አፍ በከፈትክ ቁጥር ወስን ይልሃል። ስፖክ አለቃውን ሰው ፊት «እርስዎ» ይላል፤ ለብቻቸው ሲሆኑስ? ዶክተሩ ስፖክን ሲነጅሰው «አንተ» ካላለው ነገሩ አይጥምም። ይህን ሁሉ በማስታወሻ ደብተር ሠንጠረዥ ሠርቼለታለሁ፤ ማን ማንን፣ የት፣ ሲቆጣ፣ ሲለምን።

በዚህ ሁሉ ጥንቃቄ መሀል አንድ ጉድ ሠርቻለሁ። 4ኛውን ክፍል እያየን እናቴ «ቆይ፣ አቁመው» አለች።

«ይቺ ሬዲዮ ላይ የምትቀመጠው ልጅ የቤቱ ሠራተኛ ናት?»

«አይደለችም እማዬ። መኮንን ናት። ሌተናንት ኡሁራ።»

«ታዲያ ወንዶቹን ሁሉ እርስዎ እያለ እሷን ምነው አንቺ ይላታል?»

ካፒቴኑ እኮ እንዲህ አላላትም። እኔ ነኝ ያልኩት። ሳይታወቀኝ ነው የጻፍኩት፤ እስከዚያ በወጣችበት ክፍል ሁሉ። ሁለት ሌሊት ተቀምጬ «ክፈቺ»ውን «ይክፈቱ»፣ «ላኪ»ውን «ይላኩ» እያልኩ አረምኩ።

ነገሩ አላስተኛ ሲለኝ ስለ ተዋናይቷ ማንበብ ጀመርኩ። ኒሼል ኒኮልስ ትባላለች። ኡሁራ የሚለው ስም ራሱ ከስዋሂሊው «ኡሁሩ» የመጣ ነው፤ ነፃነት ማለት። እሷ እንደተናገረችው ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ልትለቅ ብላ ለሮደንበሪ መልቀቂያዋን ሰጥታው ነበር። ቅዳሜና እሑድን አስቢበት አላት። በዚያው ቅዳሜ አንድ አድናቂሽ ሊያገኝሽ ይፈልጋል ተባለች። ዞር ስትል ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ናቸው። ከነልጆቻቸው እንደሚያዩት ነግረዋት፣ እንዳትለቂ አሏት። ሰኞ ተመለሰች። አድናቂዎች ይህን ታሪክ ሲያነሱ ወንበሩን የሰጣትን ሮደንበሪን ያመሰግናሉ፤ ይገባዋል። ወንበሩ ላይ ያቆዩዋት ግን ኪንግ ናቸው።

የሮደንበሪ የራሱ ሕይወትም ለብቻው ተከታታይ ፊልም ይወጣዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቦምብ ጣይ አብራሪ ነበር። በ1947 ሶሪያ በረሃ ላይ ወድቆ ከተቃጠለ የፓን አሜሪካን አውሮፕላን ከተረፉት አንዱ ነው። ከዚያ ሎስ አንጀለስ ፖሊስ ሆነ፤ ለአዛዡ ንግግር ይጽፍ ነበር። ከዚያ ቴሌቪዥን።

ሳነብ ግን የማይጥም ነገርም ገጠመኝ። የመግቢያውን ዜማ የደረሰው አሌክሳንደር ከሬጅ ነው። ሮደንበሪ ለዜማው ግጥም ጻፈለት። ግጥሙ ፊልሙ ላይ አንድም ቀን አልተዘፈነም፤ የዜማውን ገቢ ግን እኩል አስካፈለው። የመንኮራኩሯን ባላንጣዎች፣ ክሊንጎኖቹን፣ ያመጣው ደግሞ ጂን ኩን የሚባል ሌላ ጸሐፊ ነው። የስፖክን እናትና አባት ቤታችን ያስገባችልን ዶሮቲ ፎንታና ናት፤ ስታር ትሬክ ላይ የጀመረችው የሮደንበሪ የቢሮ ጸሐፊ ሆና ነው። እሱን ብቻ «ፈጣሪ» እያልኩ ስጽፍላችሁ የቆየሁት ትንሽ አሳፈረኝ። በሌላ በኩል ይሄው ሰውዬ በ1987 ለጀመረው አዲስ ተከታታይ ማየት ለተሳነው መኮንን ላ ፎርጅ የሚል ስም ሰጠው። በ1975 የሞተ፣ በጡንቻ ሕመም ይሠቃይ የነበረ አድናቂ ስም ነው። ይህቺን ሳነብ ደግሞ መልሼ ወደድኩት።

ወደ ደብተሬ ልመለስ። ሰው አንዱ ቦታ ጠፍቶ ሌላ ቦታ የሚገለጥበትን መሣሪያ ምን ልበለው? (መሣሪያው የመጣው መንኮራኩሯን በየሳምንቱ ማሳረፍ ገንዘብ ስለሚበላ ነው፤ ችግር ብልሃት ወለደ።) መጀመሪያ «አጓጓዥ» አልኩት። የጭነት መኪና ማኅበር መሰለ። እናቴ «ተሰወረ በለው፤ ቅዱሳኑ ይሰወሩ የለ?» አለች። ጥሩ ሠራ። ችግሩ ካፒቴኑ ከምድር ላይ ሆኖ ኢንጂነሩን «ስወረን!» ሲለው ጸሎት ሆነ። ሁለታችንም ሳቅን። እንዳለ ተውኩት።

«ፌዴሬሽን»ንም (በፊልሙ ዓለማቱ የተባበሩበትን መንግሥት) አልነካሁትም። አንድ ዘመድ መጥቶ አብሮን ሲያይ «እዚያም ደረሰ?» አለ።

ያቃተኝም አለ። የመግቢያው ንግግር በ1966 ወንድ በሚያሰማ ቃል ነበር፤ በ1987 ሴቱንም ወንዱንም ወደሚይዝ ቃል ተለወጠ። ትልቅ ነገር ነው፤ 21 ዓመት ፈጅቷል። በአማርኛ ግን ሁለቱም «ማንም ሰው ያልደረሰበት» ነው የሚሆነው። ለውጡ የለም። ሳምንት አሰብኩበት፣ አልመጣልኝም፣ ዘለልኩት።

ዋሽንግተን የአየርና የሕዋ ሙዚየም ወስጃት ለቀረጻው የተሠራውን የመንኮራኩሯን ሞዴልም አሳይቻታለሁ። ርዝመቱ ከ3 ሜትር ይበልጣል። ለካሜራ የሚታየው ቀኝ ጎኑ ስለነበር ያኔ ግራውን በወጉ አልጨረሱትም፤ ሽቦው የሚገባው በዚያ ነበር። ሮደንበሪ በ1991 እንደሞተና በዓመቱ ከአመዱ ጥቂቱ ኮሎምቢያ በምትባለው የናሳ መንኮራኩር እውነተኛው ሕዋ ደርሶ እንደተመለሰ የነገርኳት እዚያው ነው። «አመዱ?» ብላ አማተበች። ቤት እስክንደርስ ዝም አለች።

አሁን ተራውን ዘልዬ የፎንታናን ክፍል ይዣለሁ፤ የስፖክ ወላጆች የሚመጡበትን። እናትየውን «አንቺ» ይላታል፤ እዚህ ላይ እኔና እማዬ ተስማምተናል። አባትየው ላይ ግን ተጣልተናል። አባትና ልጅ 18 ዓመት እንደ አባትና ልጅ አልተነጋገሩም። እኔ «እርስዎ» ብዬ ጽፌያለሁ። እማዬ ደግሞ «የተኳረፈ ልጅ እርስዎ አይልም፤ አንተም አይልም፤ ዞሮ ዞሮ ሳይጠራው ነው የሚያወራው» ትላለች። እንዴት ነው እንደዚያ የሚጻፈው? ሐሳብ ያላችሁ ንገሩኝ፤ እስከ ቅዳሜ መጨረስ አለብኝ።