ከአማዞን የመጣው ፍሬ እና የከፊራ ኦቾሎኒ

ዛሬ አክስቴ ከውጭ ሀገር ይዘውልን የመጡትን የብራዚል ለውዝ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀመስኩ። ቅርፁ የብርቱካን ክፋይ ይመስላል፤ ውስጡ ነጭ፣ ቅባቱ ጣት ላይ የሚቀር። ከእፍኙ መካከል ግን አንዷን ለሁለት ስሰብራት ውስጧ ጠቁሯል፣ ሻጋታ ሻጋታ ትሸታለች። ከአፌ ሳላደርሳት ጣልኳት።

ይህ ፍሬ የጫካ ልጅ ነው። ዛፉ እስከ 50 ሜትር ይመዘዛል። የአበባውን ክዳን ገፍተው የሚገቡለት ጠንካራ የዱር ንቦች ናቸው፤ ጫካው ሲመነጠር እነሱም ይሸሻሉ፣ ብቻውን የቀረ ዛፍ ፍሬ ይነፍጋል። ያሳዝናል። ለቃሚዎች ዛፉ ላይ አይወጡም፤ እስከ 2 ኪሎ የሚመዝነው ድቡልቡል ቅርፊት በዝናብ ወቅት ራሱ እስኪወድቅ ይጠብቃሉ። ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፦ እርጥብ መሬት ላይ የሰነበተ ፍሬ ቶሎ ካልደረቀ ይሻግታል፣ ሻጋታውም አፍላቶክሲን የተባለ ጉበት የሚጎዳ መርዝ ሊያመነጭ ይችላል።

አፍላቶክሲን! የእኛንም የምሥራቅ ሐረርጌ ኦቾሎኒ የሚፈትነው እኮ እሱው ነው።

ፀሐዩ በረድ ሲል ወደ ድሬዳዋው ገበያ፣ ከፊራ ወረድኩ። ደንበኛዬ የሆኑት እናት አንዱን ኦቾሎኒ ከነቅርፊቱ ጆሮዬ ሥር አንቀጫቀጩልኝና «ልጄ፣ የደረቀ እንዲህ ይጮኻል። ዝም ያለውን አትግዢ» አሉኝ። የተጨማደደውንና የጠቆረውን ለብቻ ይለያሉ። ከተቆላ ችግር የለውም ብዬ አስብ ነበር፤ መርዙ ግን በመቁላት ሙሉ በሙሉ አይጠፋም።

ማታ ከአክስቴ ጋር በረንዳ ላይ ቁጭ ብለን፣ እየፈለፈልን የተጠራጠርናትን ሁሉ ለየን።