የታናሼ ብር የት ይመዝገብ?

በየዓመቱ ነሐሴ መጨረሻ ላይ አንድ የሚያበሳጭ ትጋት ይይዘኛል። ቁም ሣጥን አራግፋለሁ፣ ያረጀ ደረሰኝ እቀዳድዳለሁ፣ ከእንግዲህ የቤቱን ወጪ በሥርዓት እይዛለሁ ብዬ እገዘታለሁ። ምክንያቱ ዝናቡ ይሁን ደመወዙ አይገባኝም። ደመወዜ የሚገባው በወሩ 25 ነው፤ ከነሐሴ 25 እስከ መስከረም 25 ያለው ደግሞ ጳጉሜንን ጨምሮ ቢያንስ 35 ቀን ነው። የበዓሉ ዶሮ፣ የልጆቹ ምዝገባ፣ ደብተሩ፣ የደንብ ልብሱ፣ መስቀሉ፣ ሁሉም የሚሰለፉት እዚያ ውስጥ ነው። ለጳጉሜን ደመወዝ የሚከፍል መሥሪያ ቤት አላየሁም፤ በጳጉሜን የማይርበው ልጅም አላየሁም።

ዘንድሮ ትጋቱ ወደ ኮምፒውተር ወሰደኝና የቤት ሒሳብ የሚይዝ ሶፍትዌር ልመርጥ ተቀመጥኩ። ባለቤቴ ዜና እያየ፣ ፊቱን ሳያዞር፣ «ደብተር አይሻልም?» አለ። እንደማይሻል እሱም ያውቃል። ያለፈውን ደብተር የጨረሱት ልጆቹ ናቸው፣ ሥዕል ሥለውበት።

መጀመሪያ ያየሁት ዋይናብ የሚባለውን ነው። እያንዳንዷ ብር ገና ከመግባቷ ሥራ ይሰጣት የሚል ነው፤ ሐሳቡን ወድጄዋለሁ። ዋጋው ግን በዓመት ከ100 ዶላር በላይ ነው። በሐምሌ 2016 የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በዶላር የተጻፈ ነገር ወደ ብር ሳልመልስ ማለፍን ተምሬአለሁ፤ ለጤና ጥሩ ነው። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ያለችው ዘመዴ ደግሞ ሚንት በሚባል ሌላ የሒሳብ ሶፍትዌር ስትምል ኖራ፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ሚንት ሲዘጋ ሐዘን ተቀምጣለች። የእነሱ ሶፍትዌር ከባንካቸው ጋር ተያይዞ ወጪያቸውን ራሱ ይለቅማል። እኔ ከስልኬ መልእክቶች ነው የምለቅመው፤ ባንኩ ይልካል፣ ቴሌብር ይልካል፣ የአገልግሎት ክፍያው ለብቻ፣ በእሱ ላይ የሚታሰበው 15 በመቶ ታክስ ለብቻ። ጉልት ላይ ቲማቲም የምትሸጥልኝ ሴት ግን መልእክት አትልክም።

ኤክሴል ቀላሉ ነበር። ኤክሴል ግን የጻፉለትን ሁሉ ያምናል፤ እኔ የፈለግኩት የሚከራከረኝ ነው። ስለዚህ ግኑካሽ ላይ አረፍኩ። እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ያለ ነው፣ በነጻ ነው፣ መልኩም ውበት ለሚሻ ሰው የተሠራ አይደለም። የሚሠራው በዴቢትና በክሬዲት ነው፤ ከአንዱ መዝገብ የወጣች ብር የግድ ሌላው ውስጥ መግባት አለባት። ይህን አያያዝ እ.ኤ.አ. በ1494 ቬኒስ ላይ በመጽሐፍ አሳትሞ ያስተማረው ሉካ ፓቾሊ መነኩሴ ነበር። ዓለምን የተወ ሰው ስለ ነጋዴዎች ሒሳብ ያን ያህል መጨነቁ ይገርመኛል። ምናልባት ገንዘብ የሚቃናው ከሩቅ ለሚያየው ነው።

ግኑካሽ ወራቱን የሚቆጥረው በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑ አንድ ቀልድ ፈጠረ። የሐምሌው ደመወዜ ኦገስት 1 ላይ፣ የነሐሴው ኦገስት 31 ላይ ይውላል። ስለዚህ በሪፖርቱ ኦገስት ውስጥ ሁለት ደመወዝ የምበላ ቀብራራ ነኝ፤ ሴፕቴምበር ላይ ደግሞ ሥራ ፈት።

እቁቡ ጋ ስደርስ ቆም አልኩ። ሠላሳ ሰው ነን፣ በሳምንት 2,000 ብር። እጣው እስኪወጣልኝ ድረስ የከፈልኩት ሁሉ ሰው ዘንድ ያለ ገንዘቤ ነው፣ ንብረት። 60,000ውን ከተቀበልኩበት እሑድ ጀምሮ ግን የምከፍለው ዕዳ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ከወጣልኝ የ58,000 ብር ባለዕዳ ነኝ፤ በመጨረሻው ከሆነ ለሃያ ዘጠኝ ሰው ሳበድር የከረምኩ ባለጸጋ። የምከፍለው ያው 2,000 ብር፣ የምደርስበት ያው እሑድ፣ የምጠራው ያው ዋስ። ልዩነቱን የምትፈጥረው ዳኛው ፊት ከኮፍያ ውስጥ የምትወጣ ጥቅልል ወረቀት ናት። ሁለት አካውንት ከፍቼ አለፍኩ። እድሩን ወጪ አልኩት። ከድንኳኑና ከወንበሩ ድርሻ እንዳለኝ አውቃለሁ፤ ግን የእድር ድንኳንን ንብረቴ ብሎ መጻፍ ሟርት መሰለኝ።

ከዚያ ታናሼ መጣ። በአካል አይደለም፣ በመልእክቶቹ መሐል። ወጪ ስለቅም ስሙ ብቅ ይላል፣ 3,000። ትንሽ ወረድ ስል 1,500። እንደገና 4,000። በስሜ ሲጠራኝ የኖረ ልጅ «እትዬ» ብሎ ከጀመረ ነገር አለ ማለት ነው። ሰላምታውም እንደ ገንዘቡ መጠን ይረዝማል፤ ልጆቹን ጠይቆ፣ ጉንፋናቸውን ጠይቆ፣ የውሃ ቆጣሪያችን መሠራት አለመሠራቱን ከጠየቀ ከ5,000 አያንስም።

ብድር ነው ይላል። እኔም ብድር ነው እላለሁ። «መስከረም ላይ» ይላል፣ የትኛው መስከረም እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም። እንዲህ ሆኖ ተስማምተን ኖረናል። አሁን ግን ግኑካሽ መሐላችን ገባና ምረጪ አለኝ።

«ከወንድሜ የሚሰበሰብ» ብዬ ንብረት ውስጥ አስገባሁትና የተጣራ ሀብቴን የሚያሳየውን ሪፖርት ከፈትኩ። ያለፈላት ሴት ሆኛለሁ። ከቁጠባዬም ከእቁቤም የሚበልጠው ሀብቴ ታናሼ ዘንድ ያለው ነው። ሳቄ መጣ። ወደ ወጪ አዞርኩት፣ «ስጦታ»። ሳቁ ጠፋ። ስጦታ ካልኩት አይመልስም ብዬ ፈርጄበታለሁ ማለት ነው፤ እሱ ደግሞ እመልሳለሁ ሲል ከልቡ ነው፣ ድምፁ ይታወቀኛል። የሒሳብ ባለሙያዎች ሊሰበሰብ የማይችል ዕዳን ይሰርዙታል። በሌሊት፣ ማንም በማያይበት፣ ወንድሜን ልሰርዘው ነው?

ይህን እያሰብኩ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። እኔ ኮሌጅ እያለሁ እሱ ትምህርቱን አቋርጦ ጋራዥ ገብቶ ነበር። አንድ ቅዳሜ ግቢ በር ድረስ መጥቶ አስጠራኝና የታጠፈ ፖስታ ሰጠኝ። ፖስታው ላይ የግሪስ ጣት ታትሞበታል። የመጀመሪያ ደመወዙ ነበር፣ ለራሱ የትራንስፖርት ብቻ አስቀርቶ። ስንት እንደነበር ረስቻለሁ፤ በምን እንዳጠፋሁት ግን አልረሳሁም፣ ጫማ ገዛሁበት። እሱም አንድ ቀን እንኳ አንስቶት አያውቅም፣ ውሃ ቆጣሪ ሲጠይቀኝም ቢሆን።

ያ ፖስታ የት ነው የሚመዘገበው? ዕዳ ውስጥ ከሆነ በስንት? ዶላር 8 ብር ከምናምን በነበረበት ዘመን የተሰጠ ብር ነው። በጊዜው ዋጋ ልጻፈው ወይስ በዛሬው? ያቋረጠውን ትምህርትስ በየትኛው ወገን ላድርገው? እኔ አሁን እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጬ ስለ ንብረትና ዕዳ የምፈላሰፈው ጨርሼ ስለተማርኩ አይደለም እንዴ?

ሁለተኛውን ወገን ባዶ ተውኩትና አስቀመጥኩት። ግኑካሽ ባዶ አይወድም፤ ጥንድ ያጣችን ብር «ኢምባላንስ»፣ አለመመጣጠን እንደማለት፣ የሚል አካውንት በራሱ ከፍቶ እዚያ ያስገባታል። ታናሼ አሁን የሚኖረው እዚያ ነው። ልብ ብዬ ሳየው በቤቱ ካሉት አካውንቶች ትልቁ እሱ ነው።

«የትኛውን መረጥሽ?» አለኝ ባለቤቴ፣ ዜናው አልቆ።

«ከምኑ?»

ሳቀ። እኔ ግን ያን ጊዜ ነው ልብ ያልኩት፤ የቤት ሒሳብ ብዬ አምሽቼ የለቀምኩት የእኔን ስልክ ብቻ ነው። እሱም እህት አለችው፣ አጎት አለው፣ አገር ቤት ያሉት አክስቱ አሉ። መልእክቶቹን አሳየኝ ብለው ያሳየኛል፣ የሚደብቅ ሰው አይደለም። ግን የእሱ ኢምባላንስ ከእኔ ቢበልጥ ምን እለዋለሁ? ቢያንስስ?