ጥቁሩ ወፍ ማን ነው?

ጥቁር ደረት፣ ጥቁር ሆድ፣ አጭር ቀይ ጅራት፣ ከሥሩ ነጭ የሚታይ ክንፍ። ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር ስንሄድ ከገብስ ማሳ በላይ ሲዞር ያየሁት ወፍ እንዲህ ነበር። ጭልፊት ቢጤ ነው። ግን አዲስ አበባ ሥጋ ቤት አካባቢ ከሚያንዣብበው ይወፍራል፣ ጅራቱም እንደዚያኛው መሃሉ ላይ አልተሰነጠቀም።

መኪናውን አስቁሜ ደጋግሜ ፎቶ አነሳሁት። ማታ ፎቶዎቹን ሳሰፋ በእጄ የሁለት አዳኝ ወፎች ስም ቀረ፦ ባተለር እና ኦገር ባዛርድ።

ባተለርም ጥቁር ነው፣ ጅራቱ ቀይ ነው፣ ክንፉም ከሥር ነጭ አለበት። ዋናው ጥያቄ ነጩ የት ጋ ነው የሚለው ነው። የደረሰ ባተለር ክንፍ ከፊት በኩል፣ የክንፉን አጥንትና ሥጋ በሚሸፍኑት ትናንሽ ላባዎች ላይ ነጭ ነው። የእኔ ወፍ ደግሞ እዚያ ቦታ ላይ ከሰል ይመስላል። ነጮቹ ከኋላ የተዘረጉት ረጃጅም ላባዎች ናቸው፣ ጫፋቸውን ጥቁር መስመር ይዞራቸዋል። እግሩም ቢጫ ነው። የባተለር ፊትና እግር ቀይ ነው፤ ጅራቱ በጣም ከማጠሩ የተነሳ ሲበር እግሩ ያልፈዋል።

ስለዚህ ኦገር ነው። ግን መንገድ ዳር ምሰሶ ላይ ተቀምጦ የማውቀው ኦገር ሆዱ ነጭ ነው! ጥላ ይሆን? ፀሐይ ከወፉ ጀርባ ስትሆን ረጃጅሞቹ ላባዎች ብርሃን ያሳልፋሉ፣ ሆድ ግን አያሳልፍም። ነጭ ሆድም ፎቶ ላይ ጠቁሮ ይወጣል። ከሥር የተነሱት ፎቶዎች ይህን አይፈቱም።

የፈታው ላጠፋው የነበረ አንድ ፎቶ ነው። ወፉ ሲታጠፍ ከጎን የተነሳ ነው፣ ክንፉ ግማሹ ተቆርጧል፣ ትንሽም ደብዝዟል። ግን ፀሐይዋ ደረቱ ላይ አርፋለች፤ ደረቱ ያኔም ጥቁር ነው። ኦገር ሁለት ዓይነት መልክ አለው፣ ነጭ ሆድና ጥቁር ሆድ። የዕድሜ ጉዳይ አይደለም፣ የወንድና የሴትም አይደለም። ጫጩቱ ያደገ ሰሞን ጅራቱ ቡናማ ስለሆነ፣ ይህ ቀይ ጅራት ያለው የደረሰ ወፍ ነው። ወፉን እ.ኤ.አ. በ1836 ለሳይንስ ያስተዋወቀው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነው፣ ያገኘውም እዚሁ እኛ አገር።

በማግስቱ እዚያው ማሳ ጋ ተመለስን። ባሕር ዛፍ ላይ ሁለት ወፎች ተቀምጠዋል፣ አንዱ ሆዱ ነጭ፣ አንዱ ጥቁር፣ የሁለቱም ጅራት ቀይ። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። አንድ አባት በሬዎቻቸውን እየነዱ መጡ።

«አባባ፣ እነዚህ ሁልጊዜ አብረው ናቸው?»

«ባልና ሚስት ናቸው እኮ ልጄ። ፍልፈሉን የሚጨርሱልን እነሱ ናቸው።»

አሁን ማወቅ የምፈልገው በዚያ መስመር እንዲህ የተደባለቁ ጥንዶች ምን ያህል እንደሆኑ ነው። የጥቁር ኦገር ፎቶ ያላችሁ ላኩልኝ፤ ደብዛዛም ቢሆን፣ በተለይ ከጎን የተነሳ፣ ፀሐይ ደረቱ ላይ ያረፈበት።