ለቅሶ ልደርስ ሄጄ

ቺካጎ የሄድኩት ለመስቀል ነው። ለአክስቴ ልጅ ያልኩት እንደዚያ ነው። እውነቱ ግን ሌላ ነበር፤ አንድ የቤዝቦል ቡድን የታሪኩን የመጨረሻ ውርደት ሲከናነብ በዓይኔ በብረቱ ማየት ፈልጌ ነው።

ቡድኑ ቺካጎ ዋይት ሶክስ ነው። ጊዜው መስከረም 2017፣ በፈረንጅ ሴፕቴምበር 2024። (ከዚህ በኋላ ቀኑን በእኛ፣ ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው፤ ውጭ ሀገር የኖረ ሰው ጭንቅላቱ ውስጥ ሁለት ካላንደር ስላለ ነው፣ አትፍረዱብኝ።) የሜጀር ሊግ፣ ማለትም የአሜሪካ ትልቁ የቤዝቦል ሊግ፣ ቡድን በዓመት 162 ጨዋታ ይጫወታል። አዎ፣ 162። በየቀኑ ማለት ይቻላል። በዘመናዊው ቤዝቦል በአንድ ዓመት ብዙ ጊዜ በመሸነፍ ክብረ ወሰኑን ይዞ የኖረው የ1962ቱ ኒው ዮርክ ሜትስ ነበር፣ በ120 ሽንፈት። ሜትስ ያኔ ገና በመጀመሪያ ዓመቱ ስለነበር ማንም አይፈርድበትም። ዋይት ሶክስ ግን ከመቶ ዓመት በላይ የኖረ፣ በ2005 ዋንጫ የበላ ቡድን ነው። እሁድ መስከረም 12 ሳንዲዬጎ ላይ ተሸንፎ 120 ሞላ። የሚቀጥለው ጨዋታ ማክሰኞ ማታ፣ በገዛ ሜዳው። አንድ ሽንፈት ብቻ ቀረው ማለት ነው። ሰኞ ማታ አውቶቡስ ላይ ወጣሁ።

እኔ የምኖረው ሚኒያፖሊስ ነው። ቤዝቦል የለመድኩት ፓርኪንግ ውስጥ በሠራሁበት ዘመን ነው፤ ያቺ እንደ ሱቅ የጠበበች የመስታወት ቤት ውስጥ ተቀምጬ፣ እግሬ ሥር ማሞቂያ፣ ጆሮዬ ላይ ሬዲዮ። መጀመሪያ እንግሊዝኛ ለመልመድ ብዬ ነበር የምሰማው። ቀስ ብሎ የእኛ ከተማ ቡድን፣ ትዊንስ፣ ሲሸነፍ እራት የማይበላልኝ ሰው ሆንኩ። በዚያ ዓመት ትዊንስ ከዋይት ሶክስ ጋር 13 ጊዜ ተገናኝቶ 12ቱን አሸንፏል። ስለዚህ ወደ ቺካጎ ስሄድ ትንሽ ደረቴን ነፍቼ ነበር፣ አልዋሽም።

የአክስቴ ልጅ በእድሜ በጣም ይበልጠኛል። ጋሽዬ ነው የምለው። ድሮ ታክሲ፣ አሁን ኡበር ይነዳል። ጠዋት አውቶቡስ መውረጃው ጋ መጥቶ ወሰደኝ።

«ለመስቀል ነው ያልከኝ?»

«አዎ ጋሽዬ።»

«መስቀል ዓርብ ነው። ዛሬ ማክሰኞ ነው።»

ነገርኩት። መሪውን ይዞ ዝም አለ። ከዚያ እየሳቀ፣ «ስምንት ሰዓት አውቶቡስ ተቀምጠህ፣ የሚያሸንፍ ቡድን ብታይ ምናለ? ከቤቴ በባቡር ሩብ ሰዓት የማይሞላ ቦታ ሌላው የከተማችን ቡድን ካብስ አለልህ» አለኝ። እሱ ሃያ ዓመት ቺካጎ ሲኖር የዋይት ሶክስን ሜዳ ከአውራ ጎዳናው ላይ ነው የሚያውቀው። ሐበሻው በብዛት በሰሜኑ በኩል ስለሆነ፣ ዋይት ሶክስ ደግሞ የደቡቡ ስለሆነ፣ ነገሩ እንደ ሌላ ከተማ ነው።

ሁለቱን ከተማዎች የሚያገናኛቸው ሬድ ላይን የሚባለው ባቡር ነው። ያኔ በ2 ዶላር ከ50 ከሰሜን ጫፍ እስከ ደቡብ ጫፍ ያደርስ ነበር። እኔ በችኮላ መጀመሪያ በተቃራኒው አቅጣጫ ተሳፈርኩ፤ ሁለት ፌርማታ ሄጄ ነው የነቃሁት። ተመልሼ ትክክለኛውን ያዝኩ። አዲሰን ላይ ባቡሩ ሲቆም የካብስ ሜዳ፣ ሪግሊ ፊልድ፣ በመስኮት ይታያል። ከዚያ ባቡሩ መሬት ውስጥ ይገባል፣ መሀል ከተማን አልፎ ይወጣል፣ ቻይናታውን ይመጣል፣ ቀጥሎ ሶክስ ሠላሳ አምስተኛ። ጣቢያው አውራ ጎዳናው መሀል ላይ ነው የተሠራው። ግራና ቀኝህ መኪና እየተምዘገዘገ ደረጃውን ወጥተህ በድልድዩ ወደ ሜዳው ትሻገራለህ።

ድልድዩ ላይ የተጠበሰ ሽንኩርት ሽታ ተቀበለኝ። ሽንኩርትና ቋሊማ። እንደዚያ የሚያውድ ሀዘን ቤት አላየሁም።

ሰዉ ከጠበቅኩት በላይ ነበር። ሲሸነፉ ለማየት የመጣው እኔ ብቻ የመሰለኝ ሞኝነቴ ነው። አንዱ የወረቀት ከረጢት ጭንቅላቱ ላይ አጥልቆ ለዓይኑ ሁለት ቀዳዳ አበጅቶለታል። ረጅሙ ሰልፍ ደግሞ የሚልክሼክ ሰልፍ ነበር። ላዩ ላይ በእሳት የተለበለበ ማርሽሜሎ የሚደረግበት፣ በዚያ ዓመት ከተጫዋቾቹ ሁሉ ይበልጥ ስሙ የተነሳ ሚልክሼክ ነው። ገዛሁ። ጣፋጭ ነው። ጥርስ ያሳክካል።

ቦታዬ ላይኛው ፎቅ ነበር፣ ደረጃው ገደል የሆነው። አጠገቤ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። የ2005 ዋንጫ ምልክት ያለው፣ ላብ ያነጣው ኮፍያ። ጭናቸው ላይ መዝገብ፣ እጃቸው ላይ አጭር እርሳስ። እያንዳንዷን ኳስ ይመዘግባሉ። መቺው ሦስቴ ስቶ ከወጣ «ኬ» የምትባለውን ፊደል ይጽፋሉ፤ ዱላውን ሳያወዛውዝ ቆሞ እያየ ካሳለፋት ደግሞ ያችኑ ፊደል ፊቷን ወደኋላ አዙረው ይጽፏታል። ቆሞ ለቀረ ሰው የተገለበጠ ፊደል። ይቺ ነገር በጣም ደስ አለችኝ። የእርሳሱ ጫፍ ሲዶለዱም በጥፍራቸው እየላጡ ይቀጥላሉ።

«ዓመቱን በሙሉ መዝግበዋል?» አልኳቸው።

«የሜዳችንን ጨዋታ ሁሉ።»

«ለምን?»

ቀና ብለው አዩኝ። «ዋንጫ ስንበላ መዝግቤያለሁ» አሉ፣ ሌላ ምንም አልጨመሩም። አፈርኩ።

ቡድኑ እንዴት እዚህ ደረሰ ለሚል ሰው፣ ከዚያ ሦስት ዓመት በፊት፣ በ2021፣ ምድቡን አንደኛ ሆኖ የጨረሰ ቡድን ነው። 93 ጨዋታ አሸንፎ። ከዚያ በ2023 101 ጊዜ ተሸነፈ፣ የክለቡ ሁለት ትልልቅ ኃላፊዎች ተባረሩ፣ አዲሱ ኃላፊ ክሪስ ጌትዝ ጥሩ ጥሩዎቹን እየሸጠ በወጣት መለወጥ ያዘ። ምርጡ ፒቸር (ኳስ ወርዋሪ) ዲላን ሲስ ገና ዓመቱ ሳይጀመር ወደ ሳንዲዬጎ ሄደ። የቀሩትም ወይ ታመሙ ወይ ተሸጡ። 2024ን በ3 ድልና በ22 ሽንፈት ጀመሩ። ክረምቱ ደግሞ ጉድ ነው፦ ከሐምሌ 3 እስከ ሐምሌ 29 በተከታታይ 21 ጨዋታ ተሸነፉ። 21! ያሸነፉት ሐምሌ 30 ነው፣ ኦክላንድ ላይ። አሰልጣኙ ፔድሮ ግሪፎል በሁለተኛው ቀን ተባረረ። ካሸነፈ በኋላ ማባረር ምን የሚሉት ነው?

እግር ኳስ ለለመደ ሰው አንድ ነገር ልንገር። አሜሪካ ውስጥ መውረድ የሚባል ነገር የለም። የቱንም ያህል ብትሸነፍ በሚቀጥለው ዓመት እዚያው ሊግ ውስጥ ነህ። እንዲያውም በአብዛኛው ለተሸናፊው ማካካሻ ይሰጠዋል፤ አዳዲስ ወጣቶች ሲከፋፈሉ ቀድሞ የመምረጥ እድል ያገኛል። ዋይት ሶክስ ግን ይሄም አልሆነለትም። በትልቅ ከተማ ያለ ክለብ ሁለት ዓመት በተከታታይ የቀዳሚዎቹ ዕጣ ውስጥ አይገባም የሚል ደንብ ስላለ፣ በ2025 አሥረኛ ሆኖ ነው የመረጠው። ከሁሉ በላይ ተሸንፈህ አሥረኛ። እድለ ቢስ ሲሉት እንዲህ ነው።

ለዚህ ነው የሰዉ ቁጣ ወደ ባለቤቱ የዞረው። ጄሪ ራይንስዶርፍ ከ1981 ጀምሮ የቡድኑ ባለቤት ነው። የማይክል ጆርዳኑ የቅርጫት ኳስ ቡድን ቡልስም የእሱ ነው። የዚያ ማታ ተጋጣሚው ኤንጀልስ 2 ለ 0 እየመራ ሳለ ከታች ተነስቶ እስከኛ ድረስ «ቡድኑን ሽጠው!» የሚል ጩኸት መጣ። ዓለሙ ሁሉ ይጮኻል፣ ልጅ አዋቂ ሳይባል። ሽማግሌው አልጮሁም። መዝገቡን ይሞላሉ።

ልብ በሉ፣ ዋይት ሶክስ ከሰባተኛው ኢኒንግ (ጨዋታው ከሚከፈልባቸው ዘጠኝ ዙሮች አንዱ ነው) በኋላ እየተመራ አንድም ጨዋታ አሸንፎ አያውቅም ነበር በዚያ ዓመት። አንድም። ሰው ስልኩን አውጥቶ የታሪኩን ደቂቃ ለመቅረጽ ተዘጋጅቷል። እኔም አውጥቻለሁ።

ስምንተኛው ኢኒንግ ላይ ከዋይት ሶክስ አንዱ መታ። ሌላው ደገመ። አንድ ነጥብ። ሰው ግራ ተጋብቶ ሳቀ። ከዚያ እኩል ሆኑ። ከዚያ ቤኒንቴንዲ መታና 3 ለ 2 መሩ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም፤ ግማሹ እልልታ፣ ግማሹ «ኧረ ባክህ!» የሚል። ለቀብር የመጣ ሕዝብ ሟቹ ብድግ ብሎ ውሃ ሲጠይቅ ምን ያደርጋል? አጠገባችን ያሉት ወጣቶች በእውነት ተናደዱ። ከሩቅ ስቴት መጥተናል ይላሉ። ልቆጣቸው አልኩና የራሴ የአውቶቡስ ቲኬት ትዝ አለኝ።

አሸነፉ። ርችት ተተኮሰ። ሽማግሌው የመጨረሻዋን ሳጥን ሞልተው እርሳሱን ጆሯቸው ላይ ሰኩ። «ነገም ትመጣለህ?» አሉኝ።

አልሄድኩም። በማግስቱም አሸነፉ፣ በተጨማሪ ኢኒንግ። ሐሙስ ቀን፣ የደመራ ዕለት፣ በሜዳቸው የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ነበር፤ 7 ለ 0። ኤንጀልስን ሦስቱንም ጨዋታ። (ኤንጀልስም በዚያ ዓመት 99 ተሸንፎ የራሱን ክለብ ክብረ ወሰን ሰብሯል። እሱን ግን ማንም አላየው፤ የባሰበት ሲኖር ያንተ ቁስል አይታይም።) ጋሽዬ ይሄን ሲሰማ፣ «ገድህ ነው፣ ይክፈሉህ» እያለ ሲቀልድብኝ ዋለ።

መስቀል ዓርብ ስለዋለ ጾም ነው። ዶሮው የለም። የጋሽዬ ባለቤት ሽሮ ተጋቢኖና ምስር ሠርታ፣ ቡናው ከሰል ላይ ሳይሆን በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ እየተፈላ፣ እኔ ስልኬን ከጠርሙስ ጋር አስደግፌ ጨዋታውን ከፈትኩ። ዋይት ሶክስ ዲትሮይት ሄዷል። 4 ለ 1 ተሸነፈ። 121። በሰው ሜዳ፣ የሰው ደስታ መሀል፤ ዲትሮይት በዚያች ማታ ከ2014 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጥሎ ማለፉ ስለገባ ተጫዋቾቹ ሻምፓኝ ይራጫሉ። ከዚያ በኋላ ዋይት ሶክስ የቀሩትን ሁለት ጨዋታዎች አሸንፎ በ41 ድልና በ121 ሽንፈት ጨረሰ። በመቶኛ ስታሰላው እንዲያውም ከ1962ቱ ሜትስ በትንሹ ይሻላል፤ ሜትስ ያሸነፈው 40 ብቻ ነው። ይሄን ግን ማንም አይቆጥርላቸውም።

«ይኸው፣ ልታይ የመጣኸውን አየህ» አለ ጋሽዬ።

አላየሁም። ዓይኔ የሌላ ጨዋታ ውጤት ላይ ነበር። ዲትሮይት ሲገባ ቦታው የጠፋበት ማን መሰላችሁ? ትዊንስ። የእኔ ቡድን በዚያችው ማታ በገዛ ሜዳው በባልቲሞር ተሸንፎ ከውድድሩ ወጣ። ዋይት ሶክስን 12 ጊዜ አሸንፎ።

«ምነው፣ ምን ሆንክ?» አለችኝ የጋሽዬ ባለቤት፣ ሁለተኛውን ስኒ እያቀበለችኝ።

«ምንም» አልኳት። ጋሽዬ ስልኩን ከጠርሙሱ ላይ አንስቶ አየና እየሳቀ በግንባሩ ደፋው።