ከብርሃኑ በፊት የነበረው ሥራ

ጨረር ስለሚያወጣው ብረት ስለ ራዲየም ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያወራው በጨለማ ስለሚፈነጥቀው ብርሃን ነው። እኔን ግን ኬሚስትሪ መማር ከጀመርሁ አንሥቶ የሚያስደንቀኝ ከዚያ በፊት የተሠራው ሥራ ነው፤ ራዲየም ክሎራይድን ከባሪየም ክሎራይድ የመለየቱ ሥራ። ክሎራይድ ማለት ብረት ከክሎሪን ጋር ሲዋሃድ የሚሆነው ጨው ነው።

ሁለቱ ብረቶች፣ ራዲየምና ባሪየም፣ በፔሪዮዲክ ሰንጠረዥ አንዱ ከሌላው በታች የተቀመጡ ዘመዳሞች ናቸው። የሁለቱም ክሎራይድ በውሃ ይሟሟል፤ የሁለቱም ሰልፌት ይዘቅጣል። ባሪየምን የሚያዘቅጥ ነገር ሁሉ ራዲየምንም አብሮ ያወርዳል። ማሪ ኩሪ እ.ኤ.አ. በ1898 ከፒየር ኩሪና ከጉስታቭ ቤሞን ጋር አዲሱን ንጥረ ነገር ስታስታውቅ በእጇ የነበረው ጥቂት ራዲየም ያዘለ ባሪየም ክሎራይድ ብቻ ነበር።

መውጫው አንዲት ጠባብ ልዩነት ሆነች፦ ራዲየም ክሎራይድ የመሟሟት አቅሙ ከባሪየም ክሎራይድ ያንሳል። ትኩሱ ሙሙት ሲቀዘቅዝ የሚረጋው ክሪስታል ከፈሳሹ ይልቅ በራዲየም የበለጸገ ይሆናል። ክሪስታሉ ተለይቶ እንደገና ይሟሟል፣ እንደገና ይቀዘቅዛል። የተረፈው ፈሳሽ አይደፋም፤ በራዲየም ድኻ ከሆነው ከቀጣዩ ክፍል በወጣው ክሪስታል ላይ ይጨመራል። በዚህ ምልልስ ራዲየሙ ወደ አንዱ ጫፍ፣ ባሪየሙ ወደ ሌላው ይገፋል። እኔ እጅግ የምወደው ደግሞ ይህን ነው፦ ድብልቁ ክሪስታል ሲረጋ ቀለም የለውም፤ እያደር ግን ቢጫ፣ ብርቱካናማ፣ አንዳንዴም ሮዝ ይሆናል። ሲሟሟ ቀለሙ ይጠፋል። ራዲየሙ ንጹሕ ሲሆን ደግሞ ክሪስታሉ ቶሎ ቀለም አይይዝም። ስለዚህ ሥራው የት እንደደረሰ ቀለሙም ይናገር ነበር።

ዩራኒየሙ ከወጣለት፣ በቶን ከሚቆጠር የፒችብሌንድ (የዩራኒየም ማዕድን ድንጋይ) ተረፍ፣ በ1902 የተገኘው ንጹሕ ጨው 0.1 ግራም ያህል ነበር። ያችን ታህል ይዛ የአቶሙን ክብደት 225 ብላ ለካች፤ ዛሬ የምንይዘው 226 ነው።

ጨውነቱ ግን ዘላቂ አይደለም። የራዲየም 226 ግማሹ የሚበሰብሰው፣ ማለትም ጨረር እየለቀቀ ወደ ሌላ ንጥረ ነገር የሚለወጠው፣ በ1,600 ዓመት ገደማ ነው። እያንዳንዱ አቶም ሲበሰብስ ሬዶን የተባለ ጋዝ ይሆናል፤ ሬዶን ደግሞ ክሎሪንን አጥብቆ የሚይዝ ብረት አይደለም። ከአቶሙ የሚፈናጠረው የአልፋ ቅንጣት (የሂሊየም አስኳል) ኤሌክትሮን ሲያገኝ ሂሊየም ይሆናል፤ ከራዲየም ብሮማይድ ሂሊየም እንደሚወጣም ኬሚስቶቹ ራምሴና ሶዲ በ1903 አሳይተዋል። እርጥበት ካለ ውሃው ራሱ ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ይበታተናል። በዚህ የተነሣ በመስታወት ቱቦ ታሽጎ ለዓመታት የቆየ የራዲየም ጨው ውስጡ ግፊት ሊያጠራቅም ስለሚችል፣ ባለሙያ ካልሆነ በቀር ማንም ሊከፍተው አይገባም።