የከባድ ሄሊኮፕተር ፈተና ማርሹ ላይ ነው

ስለ ከባድ ወታደራዊ ሄሊኮፕተሮች ማንበብ ስጀምር፣ አዲስ ለመሥራት ዋናው ችግር ኃይለኛ ሞተር ማግኘት ይመስለኝ ነበር። የፕሮጀክቶቹን ታሪክ እያገላበጥኩ ስሄድ ግን መሐንዲሶቹን ደጋግሞ ያስቸገረው በሞተሩና በሮተሩ (አናቱ ላይ በሚሽከረከሩት ክንፎች) መካከል ያለው የማርሽ ሳጥን ሆኖ አገኘሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሮተሩ ክንፍ ጫፍ ወደ ድምፅ ፍጥነት እየተጠጋ ሲሄድ የአየሩ መቋቋምና ጩኸቱ ስለሚያይሉ፣ ሄሊኮፕተሩ ትንሽም ሆነ ትልቅ የጫፉ ፍጥነት አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ ከ200 ሜትር ብዙም አይርቅም። ስለዚህ ሮተሩ በሰፋ ቁጥር ቀስ ብሎ መዞር ይኖርበታል። የሩሲያው ሚ-26 ሮተር ከጫፍ እስከ ጫፍ 32 ሜትር ሲሆን በደቂቃ የሚዞረው 132 ጊዜ ያህል ብቻ ነው፤ የሞተሮቹ ዘንጎች ግን በደቂቃ በሺዎች ይሽከረከራሉ። ኃይሉ ሳይቀንስ ዙሩ ሲቀንስ የመጠምዘዝ ጉልበቱ ያድጋል፤ ያን ሁሉ የሚሸከመው የማርሽ ጥርስ ነው። ጥርስ ከጥርስ ጋር የሚገናኘው ደግሞ እንደ ክር በቀጠነች ቦታ ላይ ነው። ጥርሱን አወፍራለሁ ቢሉ ሳጥኑ ይከብዳል፣ የከበደውም ኪሎ ከጭነቱ ላይ ይቀነሳል።

ቦይንግ በ1970ዎቹ ለአሜሪካ ምድር ጦር የጀመረው ኤክስሲኤች-62 የተባለ ከባድ ሄሊኮፕተር የተፈተነው በዚሁ ነው። የማርሾቹ ጠርዝ በጭነት መጉበጡን የዘመኑ ስሌት ከግምት አላስገባውም ነበርና ማርሾቹ በሙከራ ላይ አልቻሉትም። ችግሩ በኋላ ቢታወቅም ኮንግረስ ገንዘቡን አቋረጠ፤ ተሠርቶ ሊያልቅ ጥቂት የቀረው ናሙናም አንድም ቀን ሳይበር ቀረ። ሶቪየቶች በ1977 ለመጀመሪያ ጊዜ ባበረሩት ሚ-26 ላይ ኃይሉን በብዙ መንገድ ከፋፍለው አንዱ ጥርስ ብቻውን እንዳይሸከም አደረጉ፤ እስከ 20 ቶን የሚጭነውም በዚህ ጭምር ነው።

ሲኮርስኪ ለአሜሪካ ማሪን ኮር የሠራው ሲኤች-53ኬም ይህንኑ የማከፋፈል መንገድ ነው የያዘው። የልማት ውሉ በ2006 ተፈረመ፣ የመጀመሪያው በረራ በጥቅምት 2015 ሆነ፣ ለአገልግሎት ዝግጁ የተባለው ደግሞ በ2022 ነው። ብዙዎች ይህን ያህል መዘግየት እንደ ስንፍና ይቆጥሩታል፤ እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ከመርከብ ላይ መሥራት ስላለበት ሮተሩን ከቀዳሚው አላሰፉትም፤ በዚያው ስፋት ላይ እያንዳንዳቸው 7,500 የፈረስ ጉልበት ያላቸው ሦስት ሞተሮች የሚያመጡትን ኃይል ማሳለፍ ነበረባቸው።

ለማወዳደር ሁሉም የሚጠቅሰው የሲኤች-53ኬን ከፍተኛ ጭነት፣ 16 ቶን ገደማውን ነው። የተጠየቀው ግን ሌላ ነበር፦ በሞቃትና ከፍ ባለ ስፍራ፣ አየሩ በሚሳሳበት፣ 12 ቶን ጭነት በገመድ አንጠልጥሎ ወደ 200 ኪሎ ሜትር መሄድ። በመስከረም 2021፣ ገና በሙከራ ላይ ሳለ፣ በካሊፎርኒያ ዋይት ማውንቴንስ 3,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ወድቆ የነበረን የባሕር ኃይል ሄሊኮፕተር አንጠልጥሎ አወረደ። ክብደቱ 7 ቶን እንኳ አይሞላም ነበር፤ በዚያ ከፍታ ላይ ግን እንደ ሜዳው 7 ቶን አይታይም።